ሰሐኑ ላይ ያለችው መርከብ

ከቦርከና ድልድይ ወዲህ፣ በአባቴ ጋራዥ ግድግዳ፣
ከጎማው ክምር በላይ፣ ከዘይት በርሜሉ ጓዳ፣
አንድ ሰሐን ተሰቅሏል፣ ጠርዙ በጥቂት የጎደለ፤
ሰማያዊ መርከብ አለበት፣ ሦስት ጭስ ማውጫ የተከለ።
ጭሱ ወደ ኋላ ተኝቷል፣ እንደ ሴት ጸጉር በነፋስ፤
ኮምቦልቻ ግን ባሕር የላት፣ አቧራ ነው የሚነፍስ።

ያመጣው ባቲስታ ነው፣ የኛ ሰው “ባጢሳ” ያለው፣
የመርከብ ምድጃ እሳት ቅንድቡን ላንዴም የበላው።
አባቴ ይማም እንድሪስ ያኔ ጎረምሳ ነበር፣
ቁልፍ የሚያቀብል፣ የወደቀ ብሎን የሚቆጥር።
ማታ፣ ሞተር ሲቀዘቅዝ፣ ግማሽ ጣልያንኛ ግማሽ የኛ፣
ያወራለታል ስለ እሷ፣ እንደ ተለየችው ጓደኛ፦

“ስሟ ስቴላ ነው። ከጄኖቫ ኒውዮርክ፣ ዘጠኝ ሌሊት ዘጠኝ ቀን፤
ላይ ፎቅ ዳንስና ሻምፓኝ፣ ታች ከከሰሉ ጋር ብቻችንን።
መሐል ላይ ስደተኛው ነው፣ ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍሮ፣
ያገሩን አይብ በመሐረብ፣ ያጎቱን አድራሻ በወረቀት ቋጥሮ።
ሀብታሞቹ ግን፣ ይማም፣ ገንዳ ነበራቸው ለዋና፤
ውቅያኖስ መሐል ሆነው፣ ሌላ ውሃ ቀድተው እንደገና!”

አባቴ እዚህ ጋ ይስቃል፤
እስኪያረጅ ስቋል በዚህ ቃል።

ከዚያ ሃያ ስምንት መጣ። ነጩን ጎኗን ግራጫ ቀቡት፣
ከዳንሱ አዳራሽ መስታወቱን አውርደው አልጋ ደረደሩበት፤
በቅሎ ጫኑ፣ መድፍ ጫኑ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ጫኑ፤
“ወዴት ነው?” ብለው ሲጠይቁ፣ “ዝፈኑ” ተብለው ዘፈኑ።
ምጽዋ ላይ አራገፈቻቸው፤ ባጢሳንም፣ ከሰረቀው ሰሐኑ።

ደሴ በቦምብ ስትጋይ፣ የአባቴ ታላቅ እብሬ
ጦሳ ግርጌ ነበር ያን ቀን፣ ለገበያ ይዞ በሬ።
በሬው ብቻውን ቤት ገባ።

“እኔ አልተኮስኩም” ይል ነበር ባጢሳ አንገቱን ደፍቶ፤
“እኔ እሳት ነበር የማነድ።” አባቴ ቁልፉን አንስቶ
አንድ ብሎን ያጠብቃል፤
የጠበቀውን፣ ደግሞ።
ስለዚህ ወዳጅነት ሰዎች ጠይቀውኛል። መልስ የለኝም።

በሠላሳ አራት ደግሞ ነጭ ተቀባች፣ ቀይ መስቀል በጎኗ፣
በርበራ ላይ ቆመች አሉ፣ ሴትና ሕፃን ልትወስድ ብቻዋን።
ባጢሳ ያን ሰሞን ሐረጎ ዳገት፣ ከተሰበረ ካሚዮን ሥር
በጀርባው ተኝቶ፣ የሰው አገር ጭቃ ደረቱ ላይ ሲቆጥር።
ለወንድ ቦታ የላትም ነበር። ቢኖራትስ? አላውቅም።

ኋላ አርጀንቲና ተመላለሰች፣ በቀሪ ጉልበቷ፤
አውሮፕላን መጣና ሰው ሰማይ ለመደ፣ ባዶ ቀረ ቤቷ።
አንድ ደብዳቤ ደረሰ፣ ቴምብሩ የተቀደደ፦
“ስቴላን ፈረካከሷት። ብረቷ በኪሎ ሄደ።”
ባጢሳ ጋራዡን ዘጋ፤
አንድ ቀን ብቻ፣ እስኪነጋ።
አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ ምስማር ገዝቶ በመጣ ቁጥር
ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ፣ አገላብጦ ያይ ነበር።

ሹፌሩ ኑርዬ አዘነና፣ ከአሰብ ሲመለስ አንድ ማታ፣
በጄሪካን ባሕር አመጣ፣ ለሽማግሌው ስጦታ።
ባጢሳ በጣቱ ቀመሰ። ሁላችን ፊቱን አየነው።
“ይሄ ያ አይደለም” አለ፣ “ጨው የበዛበት ነው።”
ግን አልደፋውም። አልጋው ሥር ከርሟል፣ ክዳኑ ዝጎ።

ቦርከና ባሕር አያውቅም፤ አዋሽን ብሎ ይወርዳል፣
አዋሽም ደክሞት በረሃ ላይ፣ አፋር ምድር ይቀራል።
ባጢሳም እንዲሁ ቀረ። ጋራዡን ለአባቴ አለ፤
አባቴ ለእኔ። ግድግዳው ላይ ምስማሩ እንኳ አልተነቀለ።

ሌሊት ከሐረጎ ጠመዝማዛ ተሳቢ እየጮኸ ሲወርድ
ሰሐኑ ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ መልሕቅ እንደሚነሳባት መርከብ።

ትናንት የልጅ ልጄ አወረደው፤ ደርሼ ሳይ፣ ሰሐኑ ላይ
ብሎን ሞልቷል፣ ዳዶ ሞልቷል፣ ጭስ ማውጫው ብቻ ነው የሚታይ።
ልቆጣ አልኩና ተውኩት።
ጭነት ለምዳለች፤ ይጫንባት።