እጅሽን አሳዪኝ

አውቶቡስ ጣራ ላይ፣ ከጆንያ በታች፣
ጊታሬ ተጭና መንገድ ላይ ተረታች፤
ቡሬ ላይ ስትወርድ ከረጢቱን ብፈታ፣
አንገቷ ተቀንጥሶ በክሯ ተገታ።

ከነቀምቴው መገንጠያ፣ ከወፍጮው ቤት ጀርባ፣
አያ አንለይ ዘንድ ይዣት፣ አንገት ደፍቼ ስገባ፣
ያ ዛቢያ ጠራቢ፣ ያ የሞፈር ዳኛ፣
ጊታር ነክቶ አያውቅም፤ እንጨት ግን ያውቃል እንደ ጓደኛ።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለኝ፣ ሳያይ ዕቃዬን፣
በሲባጎ ለካው ጣቴን፣ መዳፌን፣ ጨበጣዬን።
«እንጨት የምትፈልጥ ሴት ዛቢያ ስሠራላት፣
ከስለቱ በፊት እጇን ነው የማይላት።
ቀጥኖ ከሸሸ ጣት ያሳድደዋል፣
ወፍሮ ከሞላ ክንድ ይሸከመዋል።
የዘፈኑን እንጨት ግን አንቺው ንገሪኝ።»

ነገርኩት፤ የበፊቱ አንገቷ ሳሳ ያለ ነበር፣
ለባቲ ፈጣን ነው፤ ጣቴም አይቸገር፤
ግን ሠርግ ቤት ስቆም ከማታ እስከ ንጋት፣
መዳፌ ባዶውን ሲጨብጥ፣ ሲፈልጋት፣
ካውራ ጣቴ ግርጌ እንደ ጥርስ ይጠዘጥዛል፣
ድምጿም ከሆድ ሳይነሣ ካፏ ላይ ይፈዛል።

«ወፍራሙስ?» አለ፣ የዋንዛ ጣውላ እያገላበጠ።
«ወፍራም ድምፅ ይሰጣል ይላሉ፤ ማን አረጋገጠ?
ደብረ ማርቆስ ስማር፣ አንድ መምህር እጅ ላይ፣
እንደ ዘነዘና የወፈረ አንገት አጋጥሞኝ ነበር ሳይ፤
ክሩን ሲነካው፣ እንጨቱ ዘግይቶ "እህ" ብሎ ነው የሚመልስ፣
የኔ ጣት ግን አጭር ነው፤ ስድስተኛው ክር ጋ አይደርስ።»
አያ አንለይ ሳቀ።
«"እህ" የሚል እንጨት አገኘሽ፤ ከዚህ በላይ ምን ሊመጣ?»

ዋንዛው ካሮጌ በር የተረፈ ነው፣
ሠላሳ ክረምት ያደረቀው።
ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግራችን ሥር ሲከመር፣
መጀመሪያ ዘነዘና ሆነ። ጨበጥኩት፤ «በዛብኝ።»
ቀጥሎ የዶማ ዛቢያ። ጨበጥኩት፤ «ትንሽ ቀረኝ።»
ሦስተኛው ላይ ቆመና፣ በጣቱ አጥንት እንጨቱን መታ፣
ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠ፣ እንደ ሐኪም፣ ላንድ አፍታ።

«ስሚው፤ አካሉ ሲላግ ድምፁም አብሮ ይላጋል፤
እጅ ነው እንጂ የሚለምደው፣ የተላገ የት ይመለሳል?
አትቸኩዪ እንግዲህ፣ ለድካምሽ አታዳዪ፣
ጣትሽ እምቢ ካለ ጥቅምት ላይ ነይ፤ እልገዋለሁ፣ ሳትከፍዪ።»

አውራ ጣቴ የሚያርፍበትን ጎን ብቻ ቀነስ አደረገ፣
የወፍራሞቹን ክሮች ጎን ተወው እንዳደገ።
ዋጋው? የአንድ ሞፈር ዋጋ። ክሩን እኔ ቻልኩ።

ያ ጥቅምት አለፈ። ሌላውም። አልተመለስኩም።
ጣቴ ረዘመ አልልም፤ አንገቱም አልቀጠነም፤
በየትኛው ሌሊት እንደታረቁ አላየሁም።
ብቻ ሠርግ ቤት ሲነጋ፣
ያውራ ጣቴ ግርጌ ዝም ይላል፤
ሞልቶ የተቀመጠበት አለ፣ ምን ይፈልጋል?

ትናንት ተማሪዬ ሽታሁን ተውሶ ሲሞክራት፣
«እትዬ፣ ይሄ እኮ ወፍራም ነው!» አለና ፊቱን አጨማደደባት፤
ያ ባለ ረጅም ጣት ጎረምሳ።
መልስ አልሰጠሁትም።
ከመሳቢያዬ ሲባጎ አወጣሁና፣
«እጅህን አሳየኝ» አልኩት።