ምላስ የሌላት ቃጭል

አይራራ ሲጎድል ጥር እየነጎደ፣
ደምመላሽ ማሽኑን አንግቶ ወረደ።
እኔ ዶማ ይዤ ከኋላ ከኋላ፣
በቀን ሁለት መቶ ከምሳና ጠላ።

ወርቅ ያልቀናት ማሽን፣ ባለቤቷን ያስከሰረች፣
ለእኛ ዝገት ልታሸት ከሻኪሶ የተሻገረች፤
እጀታዋ በፕላስተር በጨርቅ የተጠፈረች።

እሱ ድሮ ወታደር ነው። ድንበር ላይ ፈንጂ ሲያመክን
በሆዱ እየተሳበ አፈር ያዳመጠ፣
ሁለት ጓድ የቀበረ፣ ሁለት ጣት የሰጠ።
ዛሬም ሲሄድ ይስቃሉ ያዩት ሰዎች ከማዶ፣
ሲረግጥ በራሱ ዱካ በሰፊው ሜዳ፣ በባዶ፤
«ከኮቴዬ አትውጣ!» ይለኛል ድንገት ዞር ብሎ ተናዶ።

ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ቋጥኙ ላይ ዘርግተው
«ወርቅ ነው የሚፈልጉት» ይባባላሉ አንገት ደፍተው።
ሙሂባ ግን አረፋውን ከክንዷ እየጠረገች ሳለች
«ባሌንስ አትፈትሹልኝም? ልቡ ብረት ነው» አለች።
ወንዙ ሁሉ ሲስቅ ማሽኗ ዝም እንዳለች።

አንደኛው ጢጥታ ሚስማር፣ ሁለተኛው የቢራ ክዳን ነበር።
ከዚያ ግማሽ ልጓም። ግማሹን ይዞ የጋለበው
በየት አለፈ፣ በየትኛው በር?
ቀጥሎ የጥይት ቀለህ። አዲስ ነው፣ ገና ያብረቀርቃል።
ደምመላሽ አሸተተው፤ ባሩድን አፍንጫው ያውቃል።
«ይኼም ቅርስ ነው?» አልኩት። በመዳፉ አገላብጦ፣
«ትንሽ ይቆይ፣ ይሆናል» አለኝ፣
ወደ ኪሱ ሰደደው ጨብጦ።

ቀትር ላይ፣ ከሾላው ሥር፣ አሞሌ የጫነ ሲራራ
ዳገቱን ሳይጀምር አድሮ ያራግፍበት ከነበረው ተራ፣
ማሽኗ ጢጥ አላለችም፤
ጮኸች፣ እንደ ሰው ተጣራች፣ ጮኸች ደግማ እስክታስፈራ።

ደምመላሽ ነጣ። «ራቅ!» አለኝ። «ተኛ!» አለኝ። ተኛሁ።
ያኔ ገና ያልተወለድኩ፣ ለዶማ ተቀጥሬ መጥቼ
ከሰው ጦር ሜዳ ተገኘሁ።
እሱ በሆዱ ተሳበ። በስምንት ጣቱ አፈሩን
እንደ ሕፃን ፊት ጠረገ፤ ጠጠሩን አነሣ፣ ሥሩን፤
ረሳ ቅርስ ፍለጋ መምጣቱን፣
ረሳ ዓመቱን፣ ወሩን።

ወጣች። ቃጭል ናት። የበቅሎ ቃጭል፣ አረንጓዴ ነሐስ፣
አፏን ሙሉ አፈር ጎርሳ፣ በውስጧ የሌላት ምላስ።
አወዛወዛት። ጭጭ። ደግሞ አወዛወዛት።
ለማሽን ስትጮህ የነበረች ለሰው ጆሮ ድምፅ አነሳት።

ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እንባው በአፈሩ ፊቱ
ሁለት ቦይ ቀድዶ ሲወርድ፣ ዱብ አለ፣ ተቀመጠ ከመሬቱ።
«ሃያ አምስት ዓመት» አለኝ፣ «መሬት ስትጮህ የሰማሁት፣
ሰው ሊገድል የተቀበረ ነው።
ይኼን ግን ማንም አልቀበረ፤ ወድቆ ነው የረሱት።»

የወረዳው ባህል ቢሮ ጸሐፊ ቅጽ አወጣች በማግስቱ፦
«ዘመኑ?» አናውቅም። «የቀድሞ ባለቤቱ?»
ደምመላሽ ትንሽ አሰበና
«በቅሎይቱ» አለ በኩራቱ።
ስለ ቀለሁ አልተናገረም። እሷም አልጠየቀች፣
ቃጭሏን በጋዜጣ ጠቅልላ
ከማኅተሙ ጎን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠች።

ሲመሽ ተመልሰን ጉድጓዱን ደፈንኩ በዶማ።
ነጭ ድንጋይ አኖረበት፤ «ነጭ ማለት በእኛ ሙያ
ተጣርቷል ማለት ነው፤ ይሂድበት ልጅም፣ አህያም፣ አህያ የሚነዳም አህያ።»
ይህን ብሎ ከዱካው ወጣ፣
በሣሩ ላይ፣ በእጁ ይዞ ጫማ፤
ቀለሁና የቤቱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ
ቅጭል ቅጭል ሲሉ፣
እኔ ከኋላ ከኋላ ስሰማ።