ልዩ ልዩ ወጪ

ፍሪስላንድ ነው አገራችን፤ ባሕሩ ከደጃፋችን ከፍ ይላል፣ ለምደነዋል።
ዊብረን ላሞቹን ያውቃል፣ በስም፣ በጡት፣ በአረማመድ፤
እኔ መዝገብ ያዥዋ የማውቀው የወተት ዋጋ ነው፣ ሲወጣ ሲወርድ።

አምና መጋቢት ሲጋመስ መጣች፣
ስሟን ራሷ እየጠራች፣ ግሩቶ! ግሩቶ! እያለች፤
ምንቃሯ እንደ ወስፌ የረዘመ፣
ደረቷ ላይ የጡብ ቀለም የታተመ፣
ብርዱን ወራት ሴኔጋል፣ ሩዝ ማሳ ላይ ከርማ፣
በረሃውን አቋርጣ፣ የእኛን ሣር አልማ።
አራት እንቁላል ጣለች፣ ከሰባተኛው ቦይ ማዶ፣
ከሰባው ሣራችን መሃል፣ ሌላው መስክ የጠፋ ይመስል።

የግንቦት ሣር ቅቤ ነው፣ የሰኔ ሣር ገለባ፤
ላም አፍ የላትም አትበሉ፣ ትናገራለች በአለባ።
የመንግሥት ውል መጣ፦ "እስከ ሰኔ ስምንት ያልታጨደ መሬት
ዘጠኝ መቶ ዩሮ ካሳ አለው።"
የሚቀርብን አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ።
ልዩነቱን በቀይ ጻፍኩት።

"ወፍ አትታለብ፣ ባንክም ላባ አይቀበል" አለ ጎረቤታችን ዱርክ።
ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት መቶ ላም አለው፣ የሁለት መቶ ላም ዕዳ፤
መስኩ አረንጓዴ ነው፣ ዝም ያለ፣ ከማለዳ እስከ ማለዳ።

ውሉን ሳንፈርም መላ መታን።
ሽማግሌው ሂልከ ጎጆዋን ፈልጎ ዙሪያዋን ቀርከሃ ተከለ፣
ዊብረን ማጨጃውን ጠምዝዞ ዙሪያውን ቆረጠ፣ እሷን ዘለለ።
ጠረጴዛ የምታህል ሣር ቀረች፣ በታጨደው መሃል ደሴት።
እንዴት ደስ አለን! ፎቶም አነሳን።

በሦስተኛው ሌሊት ቀበሮ መጣ።
ደሴቷን ያየናት እኛ ብቻ አልነበርንም፤
እኛ መጠጊያ ያልናት፣ ለእሱ የምግብ ቤት ምልክት ነበረች።
ጠዋት ጥቂት ቅርፊት። ቀርከሃዎቹ ግን አልተነቃነቁም።
እሷ ከቦዩ በላይ ዞረች፣ ስሟን እየደጋገመች፣
ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ለፖሊስ ስሙን እንደሚያስመዘግብ።

ዘንድሮ ዊብረን ቦዩ ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ።
"ከዚህ ማዶ ሁሉም ይቅር" አለ፤
"ውሃውንም አንድ ስንዝር ከፍ እናድርግ፣
ሣሩ ሲሳሳ ጫጩት መሄጃ ያገኛል።"
"ላሞቹስ?"
"የሰኔውን ድርቆሽ ለነጠፉት እንሰጣለን። እርጉዝ ላም ቅቤ ምን ያደርግላታል?"

አሰላሁ። ደግሜ አሰላሁ።
ድርቆሽ ከዱርክ ካልገዛን፣ ጉድለቱ ሁለት መቶ አርባ መሆኑ ቀርቶ
ዘጠና ይሆናል። ዘጠናው ግን ወይ ፍንክች።
ፈረምኩ።

ዛሬ ሰኔ ሦስት ነው።
ጫጩቶቹ እግር ብቻ ናቸው አሉ፣ በእግር ላይ የተሰካ ጥጥ።
አላየኋቸውም። ሣሩ አያሳይም፤ ጥቅሙም እሱ ነው።
እናትየው ግን አጥሩ ላይ ቆማ
በብስክሌት በሚያልፈው ሁሉ ትጮኻለች፣ በቄሱም ጭምር።

ማታ መዝገቡን ከፈትኩ።
መኖ፣ ነዳጅ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የባንክ ወለድ፣ ሁሉም ቤት አለው፤
ለዘጠና ዩሮዋ ብቻ ቤት አጣሁላት።
"ኪሳራ" እንዳልል ብዕሬ አልታዘዝ አለኝ፣
"ምጽዋት" እንዳልል ወፏ መቼ ለመነችኝ?
በመጨረሻ ከታች፣ ስም ያጣው ሁሉ ከሚጣልበት፣
"ልዩ ልዩ ወጪ" ከሚለው ሥር አገባኋት።

ጥቂት ቆየሁና
አንዱን "ልዩ" ሰረዝኩት።