ለቀጣዩ ተረኛ

ያለፈው ወር የኔ ነበር፤ መጪው ወር ያንተ ነው።
የመሳቢያው ቁልፍ ሲስተር ጽጌማርያም ዘንድ ነው።
መብራቱ ድንገት ከፈዘዘ፣ አንገቱን ይዘህ ነቅነቅ አድርገው።

ስለ መጽሐፉ አልጽፍልህም፤ እሱን ሸምድደሃል፤
የወተት ጥርስ ሃያ ነው፣ ፈተና ላይ መልሰሃል።
እዚህ ግን ሃያ የሞላ አፍ አላየሁም ብዙ፤
ግማሹ ጠቁሮ ይመጣል፤ ከረሜላ ነው መዘዙ።

ደብረ ብርሃን ኅዳር ላይ፣ ብረት በረዶ ነው ጠዋት፤
አፍ ሳትነካ አሙቀው በጓንትህ፣ ያን ትንሽ መስተዋት።
እናቶች በብርድ ልብስ ጠቅልለው ነው የሚያመጧቸው፤
ብርድ ልብሱን አትግፈፍ፤ ወንበሩም ላይ ይሁን ቤታቸው።

ልጅ ወንበሩን ሲያይ ምን ይታየዋል?
አንድ ማታ፣ ሁሉም ሲወጣ፣
ተጋደምኩበት፤ መብራቱ ዓይኔ ላይ መጣ፤
ጭንብል ያጠለቀ ፊት ከላይ ሲያጎነብስ አሰብኩ፤
ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤
እግሬን ሰበሰብኩ።

በመጀመሪያው ቀን ባስልዮስ መጣ፣ ስድስት ዓመቱ፣ ከጫጫ፤
«አያምም» አልኩት። መርፌው ገባ። ከዚያማ ጩኸት፣ ርግጫ፣
ጣቴ ላይ እስካሁን አለ፣ የአራት ጥርስ ምልክት።
ዶክተር ልሣነወርቅ ፋሻ ሰጡኝ፣ ሳይቆጡኝ አንዲት፤
«ነክሶህ አይደለም» አሉኝ፣ «ቃልህን ነው የመለሰልህ፤
ሐሰት ነገርከው፣ እውነት ነገረህ።»

«እስከ አሥር ስንቆጥር ትንሽ ይቆነጥጥሃል» በል፤
አሥር ካልክ ግን አሥር ላይ ቁም፣ አሥራ አንድ ብለህ አትቀጥል።
ልጅ ቁጥር ያውቃል።

«በቀን ሁለቴ ቡርሽ» ልትል ነው፤ እኔም ብዬ ነበር፤
«ለአራታችን አንድ አለን» አለኝ አንዱ፣ በክብር።
መፋቂያ ጠይቅ፤ ወይራውም ክትክታውም በየአጥሩ አለ፤
አፋፋቁን ብቻ አሳየው፣ እጅህ ጨዋታ እያስመሰለ።

በሁለተኛው ሳምንት ምንታምር መጣች፣ ከሰላ ድንጋይ፤
ሳይነጋ፣ በአይሱዙ፣ ከባቄላ ጆንያ በላይ፤
ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊዘጋ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር፤
አፏን ስከፍት የክራንቻዎቹ ቦታ ባዶ ነው፣ ከላይም ከሥር።

ግግ ነው። በሕፃንነቷ፣ በወስፌ ተነቅሎ።
ደሜ ፈላ። «ምን ዓይነት እናት…» ሊል አፌ ሲከፈት ቶሎ፣
ሲስተር እግሬን ረገጠችኝ።
እናትየዋም፣ ሳልጠይቃት፣ የነጠላዋን ጫፍ እየፈተለች፣
«የፊተኛው በተቅማጥ ሞተብኝ፤ ለዚችኛዋ ፈራሁ» አለች።

መጽሐፉ ውስጥ ለዚህ ምዕራፍ የለም።
ልክ ናት ማለቴ አይደለም።
በኋላ ነገርኳት፣ ቀስ ብዬ፣ ጀርባዋ ላይ ስላዘለቻት፤
የሰማችኝ መሰለኝ። ካንተም አፍ ትስማው፤ ድገምላት።

ጥርሱን ነቀልኩ። አሥር ላይ።
የተንቀጠቀጠው የኔ እጅ ነበር።
ምንታምር ጥጥ እንደነከሰች መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች።
በፋሻ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ደጅ ወጥታ የሆስፒታሉን ጣራ አየች፤
«ይሄ ሩቅ ነው፤ የኛው ደግሞ ቆርቆሮ ነው፣ ይንሸራተታል» አለች፣
በጥጡ መሃል እየተኮላተፈች።
ተመልሳም ጥርሱን ሰጠችኝ፤
«አባቴ መሰላል ይዞ እስኪመጣ አስቀምጥልኝ።»

እንግዲህ መሳቢያው ውስጥ፣ ከመርፌው ሳጥን በስተግራ፣
የበቆሎ ፍሬ የምታህል፣ በፋሻ የተጠቀለለች አለች፤
ስም ተጽፎባታል፤ ቆሻሻ መስላህ
ቢጫው ቅርጫት ውስጥ እንዳትጥላት፣ አደራ።
ቀጠሮዋ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ነው፣ በአንተ ወር።
አባትየው እውነትም መሰላል ተሸክሞ ከመጣ
ዘበኛውን አስፈቅድና እግሩን ያዝለት፤ መሬቱ ቁልቁል ነው በዚያ በር።
እንዳትስቅ።

ሌላው ሁሉ መጽሐፉ ላይ አለ።