ዜሮ ማለት በሰላም

የጀልባ ማኅበሩ ጠባብ ክፍል ሰጠኝ፣
መረብ ከሚጠገንበት ጎን፣ ቀረሶ ቀረሶ የሚሸተኝ።
«የወጣውን ከገባው የሚያስታርቅ
ፕሮግራም ሥሪልን» አሉኝ፤ ጀመርኩ፣ ኅዳር ሳያልቅ።

ቋንቋዬ ፋንክሽናል ነው፣ ወግ አጥባቂ ነገር፤
ስምና ዋጋ አንዴ ከተጋቡ፣ የለም መነጋገር፤
ሰማንያ አይደለም፣ ቁርባን ነው፣ ፍቺ አይደለም ልማዱ፣
ያንኑ ብትጠይቀው ያንኑ ነው፣ በጋም ክረምትም ያው አንዱ።

ጣና ግን እንዲያ አይደለም።
በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ መረብ ጥለህ
ትናንት አምባዛ፣ ዛሬ እንቦጭ ጎትተህ ትመለሳለህ።

ስለዚህ ከንጹሑ ስሌት ደጃፍ ወጣ ብዬ
ለምትሄድ ጀልባ ሁሉ አንድ ልጅ እወልዳለሁ፣
አንድ ሂደት፤ ቁጥር ሰጥቼ «ሂድ» እለዋለሁ።
ከዚያ ወዲያ ወላጁ ሥራ የለው። ይጠብቃል ብቻ፣
እግሩን ውኃ ነክሮ፣ በድንጋይ መቀመጫ።

አያ ስንሻው ይህንኑ ሠላሳ ዓመት ሠርቶታል፦
ስም፣ ሰዓት፣ አቅጣጫ። ደቅ። ዘጌ። ጎርጎራ።
የገባውን በማስመሪያ ይሰርዛል፤ ላጲስ ግን አይነካም፤
«የተጻፈ ተጽፏል፤ ሰው ቢሳሳት፣ ወረቀት አይቀጣም።»

«ያ የወለድሽው ሲመለስ ምን ይልሻል?» አለኝ።
«ዜሮ ይለኛል።»
«ባዶ እጁን?»
«አይ፣ ዜሮ ማለት በሰላም ገባሁ ነው፤
ከዜሮ ሌላ ያለው ቁጥር፣ እሱ ነው የሚያስፈራው።»
ፈገግ አለ። «እኔም ዓሣውን ጠይቄ አላውቅም፤
ሰውየው ይግባልኝ እንጂ፣ ቀረሶው አያሳስበኝም።»

«ወላጁ ቢሞትበትስ?»
«ቁጥር አንድ አለ፣ ከሁሉ ቀድሞ የተነሣ፤
የሙት ልጅ ሁሉ ወደሱ ይጠጋል።»
«እንደ ክርስትና አባት።»
«እንደዚያው።»
«ልጁስ? ልጁን ማስቆም ብትፈልጊ?»
«አስራ አምስት እልክበታለሁ፤ ዕቃህን ሰብስብ፣
የጀመርከውን ዝጋ፣ ተሰናብተህ ውጣ ነው ትርጉሙ።
ዘጠኝ ግን አያሰናብትም። እንደ ሐምሌ ማዕበል።»
እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

በጥር አንድ ሌሊት ማሽኑ አልወልድም አለ።
ሰንጠረዡን ባየው በሙታን ተሞልቷል፦
ሥራቸውን የጨረሱ፣ ቃላቸውን ይዘው የቆሙ፣
ተቀባይ ያጡ፤ የማይበሉ፣ የማይጠጡ፣ የማይደክሙ፣
ቦታ ብቻ ይዘው፣ እንደ እንቦጭ፣ ወደቡን የዘጉት።
ዘጠኝ ላክሁባቸው። የሞተ እንዴት ይገደላል?
ስሕተቱ የኔ ነበር፤ በአንዲት ቅርንጫፍ ላይ
«ጠብቅ» ማለት ረስቼ፣ ወልጄ ሄጃለሁ፣ ዞሬ ሳላይ።

ይህን ስነግረው ተነሣ።
ከመደርደሪያው ሥር፣ ጫፉን አይጥ የበላው
መዝገብ አወጣ፤ ጣቱን ምራቅ ነክሮ ገለጠው።
አንድ ያልተሰረዘ መስመር፦
ሙላው ስንሻው። ታንኳ። ወደ ቆራጣ። ሌሊት አስር ሰዓት።
«ቀብረነዋል» አለኝ፤ «ተዝካሩም ወጥቷል።
የደቅ ሰዎች መጥተው ነግረውሃል ይሉኛል።
እኔ አልሰማሁም።»

ምን ልበለው? ኪቦርዱን ወደ ራሴ ሳብኩ፣
የጎደለችውን አንዲት ቃል ከቦታዋ ጻፍኩ።
ጠብቅ።
ማሽኑን ሳላጠፋው፣ አንድ በአንድ ቃላቸውን ሰጡ፣
አንድ በአንድ ከሰንጠረዡ ወጡ።

አያ ስንሻው ማስመሪያውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠ።
አልሰረዘም። ከመስመሩ ሥር ካለችው ጠባብ ክፍተት
«ሰማሁ» ብሎ ጻፈ፤ የዛሬን ቀን አስከተለበት።

ሲነጋ ከጎርጎራ የመጣ ሞተር ደጃችን ላይ ዝም አለ፤
ስክሪኑ ላይ ዜሮ ወጣች።
«ማነው?»
«ጥላዬ ነው። ገብቷል።»
መነጽሩን በጋቢው ጫፍ ጠራርጎ ወደ ውኃው አየና
«ዓሣስ ይዟል?» አለኝ።