የሞተ ስንት?

ዶሮ የሚከተበው ሌሊት ነው በጨለማ፣
ክንፉ ሲታጠፍ ነው ልቡ የሚሰማ።
የበረዶ ሣጥኔን ትከሻዬ ላይ አንግቼ፣
ከኮምቦልቻ ጥግ ቦርከናን ተሻግሬ መጥቼ፣
ኖራው ላይ ጫማዬን ደጋግሜ ነካካሁ፣
የዘምዘምን በር በጣቴ ጫፍ አንኳኳሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ በር ላይ ነበር
«ሁሉም ደህና» ያለችኝ፣ የሻሿን ጫፍ ይዛ በከንፈሯ ዳር።
እኔ ግን ኩሱን አየሁ፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ ያዘለ፣
ገለባው ላይ ተጣብቆ እንደ ሙጫ የዋለ።
አንዲቷ ገብስማ ላባዋን ነፍታ፣
ቁንጮዋ ገርጥቶ አንገቷን ደፍታ፣
በቀትር ተኝታለች፤ ስትነቃ ውሃ ብቻ ትጠጣ።
ጎረቤት «ፈንግል ነው» አለ። ሞት ዶሮ ቤት ሲመጣ
እኛ አገር ፈንግል ነው፤ ሌላ ስም አያወጡለትም፣
እኔም ስሙን ሳላውቅ መርፌ አላወጣሁለትም።

የሞተ ስንት? ብዬ ጠየቅኩ። «የለም» አለች ዘምዘም።
ልጇ ኑርዬ ግን መሬት መሬት አየ።
ለካ ሦስቱን በማዳበሪያ ከረጢት፣ ጨረቃን ጋርዷት ደመና፣
ውሃ ይውሰደው ብላ ጥላቸዋለች ወደ ቦርከና።

አልተቆጣሁም።
«በሽታውን የደበቀ…» ልል ነበር፤ ተረቱን ከምላሴ መለስኩት፣
የብድር ደብተሯን ምስማር ላይ ተሰቅሎ ስላየሁት።
ለእሷ ሦስት ሬሳ ሦስት አይደለም፤ ወለድም አለው።
ግን ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው።
ሐርቡ ያለች አንዲት ቄብ ጎንበስ ብላ ስትጠጣ ታየችኝ፤
ማን ሊነግራት ነው፣ ከላይ የወረደውን?

አራተኛዋን በላስቲክ፣ በበረዶ ጠቅልዬ
ላቦራቶሪ አደረስኩ፤ ባጃጅ ላይ፣ ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ «እንዳታንገጫግጭ» ብዬ።
ሲከፍቷት ጉበቷ እንደ ነሐስ ነበር።
ስሙ በአምስተኛው ቀን መጣ፤ ፈንግል አይደለም፤ የዶሮ ታይፎይድ።
የታመመው ተለየ፤ የሞተው ተቃጥሎ ተቀበረ።
መርፌ ደግሞ የሚሠራው ገና ላልወደቀው ነው፤
ገብስማዋን በክንዷ ታቅፋ «ይቺንስ?» ስትለኝ
መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ቆየ።

እና ዛሬ ሌሊት።
ኑርዬ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፍኖ ያበራል፣
እሷ ትይዛለች፤ እኔ እወጋለሁ፤ እሱ ይቆጥራል።
ላባውን ገለጥ፣ ያንገቷን ቆዳ ሽቅብ ቆንጠጥ፣
ጠብታ ናት፤ ከቆዳው ስር ቀስ ብላ ስትሰርጥ።
አንዷ መዳፌ ላይ ትኮሳለች፣
አንዷ እንቅልፏን ትቀጥላለች፣
ዘምዘም ለእያንዳንዷ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትላለች፤
ለዶሮዋ ይሁን ለራሷ አልለየሁም።
«መቶ ስድሳ ሁለት» አለ ልጁ። ወገቤ እንደ በር ተንቋቋ።
በረዶዬ ቀልጦ ውሃ ሆኗል።

መከተብ አንድ ሌሊት ነው፤ መጠበቅ ግን ብዙ ጧት።
ኑርዬ ደብተር አሰመረ፤ የበሉት፣ የጠጡት፣
የኩሳቸው መልክ፣ የሞቱት።
በየማለዳው በስልክ ያነብልኛል፣
ከቁጥሩ በፊት ትንፋሹ ይሰማኛል።
«የሞተ ስንት?»
«ባዶ።»
«ዛሬስ?»
«ባዶ፤ እንቁላል አስመስዬ ነው የምጽፋት።»

በአሥራ አራተኛው ቀን ስልኩ ዘገየ።
ሻዬ ቀዘቀዘ። ሣጥኔን ካልጋ ስር ጎተትኩ።
«የሞተ፣ አንድ» አለ።
«ኩሷስ? ቁንጮዋስ ገርጥቷል?»
«ቁንጮ የላትም። ጭንቅላትም የላትም፤ ሸለመጥማጥ ነው።»

ሳቅኩ። ወላሂ፣ አንዲት ዶሮ ሞታ ሳቅኩ፣ ኋላም አፈርኩ።
ጻፍ፣ ኑርዬ፤ የሞተ፣ አንድ። ምክንያት፣ ሸለመጥማጥ።
ከጀርባው ዘምዘም አውሬውን ትረግማለች፣
ደጅ ወጥታ፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ ሰፈሩ እየሰማ፤
ያቺ ሦስቱን በጨለማ የጣለች ሴት፣
ይኼን ሞት ግን ጎረቤት ሁሉ ይስማ።