አመድ የወለደው

እኛ አገር የሚነደው እንጨት አይደለም፣ አፈር ነው፣
ከረግረግ ተቆርጦ የከረመ፣ ነፋስ ያደረቀው።
ነበልባል አያሳይም፤ ይግላል በዝግታ፣
ቂም እንደያዘ ጎረቤት ሲብሰለሰል ማታ።

እናቴ ሙረን ታዲያ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣
ፍሙን ከሦስት ከፍላ፣ እሷው ራሷ ዘበኛ፣
አመድ ታለብሰዋለች ልክ እንደ ሕፃን ልጅ፣
ከዚያም ትጠናለች የብሪድን ደጅ፦
«ብሪድ ሆይ፣ የምድጃ፣ የወናፍ እመቤት፣
አደራሽን፣ እስኪነጋ አይጥፋብኝ ከዚህ ቤት።»

«ቅድስት ናት» ይላሉ ቄሱ። እናቴ ግን ታውቃለች፦
ከቅድስናዋ በፊት አምላክ ነበረች፣
ከአምላክነቷም በፊት ልጅ የሞተባት እናት።
ልጇ ጦር ሊያሠራ ገብቶ ካንጥረኛ ቤት
በዚያው ጦር ቀረ እዚያው፣ ሳይወጣ ከበሩ።
እሷም ጮኸች። ያን ቀን ነው ለቅሶ የተማሩ
የደሴቲቱ ሰዎች ሁሉ።
ስለዚህ እናቴ
ወንድሜን አደራ የምትለው ለእሷ ነው፤
እሳቱ
ሰበብ ነው።

አባቴ ዶነካ፣ ሰባት ሰበካ የሚያውቀው ባለ እጅ፣
መስፉን ትቶት ሄደ፤ ተካው ወንድ ልጅ፣
ፊያክራ፦ እጁ ረዥም፣ ሐሳቡ ከእጁ የረዘመ፣
ብረት ግሎ ሲጠብቀው ወፍ እያየ የቆመ።
«እሳት አመድ ወለደ» አለ ተርሎክ፣ የኛው ጎረቤት፣
ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ፣ ተደግፎ በኛው በረት።
ወናፍ ነፊዋ እኔ ነኝ። ሰማሁ። ሰማ እሱም።
መዶሻው አንዴ መስፉን ሳተ፤ ከዚያ ዝም።

ነሐሴ ገባ። አጃው ወርቅ ለብሶ ቆመ፣
ባሕሩ ላይ ደመናው እንደ ግንብ ገጠመ።
ይህ እርሻ ደረት ነው፣ የታልቲዩ ደረት።
ጫካውን በመጥረቢያ መንጥራው በጉልበት፣
የመጨረሻው ግንድ ሲወድቅ ልቧ አብሮ ወደቀ።
«በመቃብሬ ላይ» አለች፣ ትንፋሿ እያለቀ፣
«አታልቅሱ። ፈረስ ጋልቡ፣ ታገሉ፣ ተጋቡ፣
ከእኔ የበቀለውን ሳትጣሉ ተመገቡ።»
እኛም በየነሐሴው ሬሳ ላይ እንጨፍራለን፣
ሬሳ ላይ እናጭዳለን።

ያን ዓመት ግን ማጭድ ታጣ፤
ግማሹን ድንጋይ ሰበረው፣ ግማሹን ዝገት በላው።
«ስድስት» አሉት ፊያክራን፣ «ዝናቡ ሳይመጣ፣
ለነገ ጠዋት።»

እናቴ በእኩለ ሌሊት አመዱን ገለጠች፣
ሦስቱንም ፍም በጉጠት ወደ መስፉ አመጣች።
እሱ ቀጠቀጠ፤ እኔ ክንዴ እስኪዝል ነፋሁ።
አምስቱ ውሃው ውስጥ ተሰነጠቁ፣
የያንዳንዱን ድምፅ ቆጠርሁ።
ስድስተኛው ግን፣
ስድስተኛው ዳነ፣ በተሳሳተው ጎን፦
ስለቱ ዞሮ ለቀኝ እጅ አሻፈረኝ ያለ።
ተርሎክ በሳቅ ታጠፈ፣ «ግድግዳ ላይ ስቀሉት» እያለ።

ያኔ ነው ሶርካ የመጣች፣ ሰባ ዓመት ያለፋት፣
ግራኝ ናት ተብላ በልጅነቷ እጇን የገረፏት፣
ዕድሜዋን ሙሉ በባዕድ እጅ ያጨደች፣ የበላች፣ የማለች።
ማጭዱን በግራዋ አነሳች። መዘነች።
እንደ ጠፋ ዘመድ ትክ ብላ አየችው፣
ማንንም ሳታመሰግን አጃው ውስጥ ገባች።
ሽው። ሽው። ሽው።
ወንዶቹ መሳቅ የተዉት መቼ እንደሆነ አላውቅም፣
ዞር ብዬ አላየሁም፤ ነዶ አስር ነበር እኔም።
የመጀመሪያው ጠብታ አንገቴ ላይ ሲያርፍ
እርሻው ተላጭቷል፤
የመጨረሻዋ ነዶ በሶርካ ክንድ ላይ ነበረች፣
ሶርካ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋት ትስቃለች።

ማታ ተርሎክ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ጨመቀ፣
የተሰበረ ማረሻ ይዞ። ስለ ዝናቡ ጠየቀ።
ስለ ዝናቡ ብቻ።

እናቴም ፍሙን ስትዳፍን አደራውን ረሳችው፣
ወይም አልረሳችውም፣ እንዲሁ ተወችው።
እኔ ነኝ በጨለማ ያየሁት፣ ካመዱ ስር፣ ቀይ፣
አንድ ዓይን ተከፍቶ ወደ ፊያክራ ሲያይ።